አራት እሁድ ለአንድ ፔዳል

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ካምቢዮ» እያለ ነው የሚጠራው። ካምቢዮ ማርሾቹ ተቃቅፈው የሚኖሩበት የሞተር ሆድ ነው፤ እሱም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሞተር ሳይክል ሆድ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ መካኒክ ነው። ጎማ የሚለጥፍ ሞልቷል፤ ፍሬን የሚያጠብቅም አይጠፋም። ማርሽ አልገባ ያለው፣ ገብቶም አልወጣ ያለው፣ ዳገት መሀል ላይ እየተፈናጠረ የሚወጣበት ሰው ግን ዞሮ ዞሮ ወደ እሱ ነበር የሚመጣው።

ጉልበቱ እንደ ድሮው ቁጢጥ ብሎ መቀመጥን እምቢ ሲለው ጋራዡን ለቀቀ። አሁን የቀረችው በረንዳው ላይ ያለች የሥራ ጠረጴዛው ናት። አልፎ አልፎ ጎረቤት የተሰበረ የበር እጀታ ወይም የማይዞር ማራገቢያ ያመጣለታል፤ እሱም «ይሄም ሥራ ሆኖ» እያለ ይሠራዋል።

ሰውየው ወሬ አይወድም። እንዲያውም መጥላቱ አይደለም፤ አይችልበትም። ሚስቱ ግን የሱን ድርሻ ደርባ ትችልበታለች። «ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የኔን ባል አይቶ መሆን አለበት» ትላለች ለጎረቤቶቿ። እሱም ይሰማና ፈገግ ይላል፤ ያችም ፈገግታ ለሱ ረጅም ንግግር ናት።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋራዥ ትመጣ ነበር። የተገለበጠ የዘይት ሣጥን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ «አሥራ ሁለት» ሲላት የአሥራ ሁለት ቁጥሩን መፍቻ፣ «አሥር» ሲላት የአሥሩን ታቀብለዋለች። ያኔም ብዙ አያወሩም ነበር፤ ግን ዝምታው ሙሉ ነበር። በኋላ አደገች። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም፤ እንዲሁ የጋራ ሥራቸው ሲያልቅ የጋራ ቃላቸውም አብሮ አለቀ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ አግኝታ በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ ከተማ ሄደች። ሥራዋ ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና ተቀብላ በሞተር ሳይክል ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ማድረስ ነው። ሞተሯን ያገለገለ ነው የገዛችው።

በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች፤ የምትደውለው ወደ እናቷ ስልክ ነው። እናት ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሰክታ፣ እጇ ሽንኩርት እየከተፈ ወይም ልብስ እያጠፈ፣ አርባ ደቂቃ ትጨዋወታለች። ጋሽ ካምቢዮ በረንዳው ላይ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ግማሹን ይሰማል፤ የልጅቱን ሳይሆን የእናትየውን ግማሽ። «ውይ! እሷ ናት እንዲህ ያለችሽ? ታዲያ አንቺ ምን አልሻት?» መልሱ ምን እንደሆነ ግን አይሰማም። መጨረሻ ላይ ስልኩ ይሰጠዋል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። አንተስ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«እሺ፣ በል ደህና ዋል።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ስልኩን ለሚስቱ መልሶ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ምንም ያልተነካ ነገር እንደገና ያጸዳል። ናፍቆቱን ለማን ይናገረው? ልጁ ደህና ናት፣ ትደውላለች፣ ታከብረዋለች። በየትኛው በኩል ቢይዘው የሚከሰስ ሰው የለም።

አንድ እሁድ ሚስቱ ገና አሥር ደቂቃ እንኳ ሳታወራ ስልኩን ይዛ በረንዳ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ የመገረም ነበር። «አንተን ነው የምትፈልገው» አለችው።

እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ተቀበለ።

«አባዬ፣ ማርሹ እያስቸገረኝ ነው» አለች ልጁ። «ስቀይር ይገባል። ከዚያ ግን ፔዳሉ እንደ ሞተ ነገር ተንጠልጥሎ ይቀራል። በእግሬ ጫፍ ወደ ቦታው ካልመለስኩት ቀጣዩን ማርሽ አይቀበልም።»

ጋሽ ካምቢዮ ዓይኑን ጨፈነ። ልክ እጁን ከቶ እንደሚዳስሰው ያህል ታየው። ሞተሩን ከማርሹ ከሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ጀርባ፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ፔዳሉን ወደ ቦታው የምትመልስ አንዲት ሞላ አለች፤ ሞላዋን ደግሞ የጣት ጫፍ የምታክል ብሎን ይዛታለች። ብሎኗ መላላት ጀምራለች። ውላ አድራ ትወልቃለች። ይህን በሽታ ስንት ጊዜ አክሞታል! አፉን ከፍቶ ሊናገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ማንኛውም መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?»

ልጅቱ መናገር ጀመረች። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይብሳል። ከቤቷ ወጥታ የዳቦ ቤቱን ጥግ ስትታጠፍ፣ የሚሸተው ትኩስ ዳቦ እያባበላት፣ እዚያ ጋ ነው መጀመሪያ የሚይዛት። ከዚያ ዳገቱ አለ፤ በግራ በኩል ትምህርት ቤት፣ በቀኝ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡበት በር። ሽማግሌው «ቀስ ነው ልጄ!» ይሏታል፤ ቀስ እያለች እንኳ። ከዳገቱ በላይ የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያለው ጸሐፊ ለአንድ ሣጥን ሦስት ቦታ ካላስፈረመ አይለቅም።

«ሦስት ቦታ?»

«ሦስት! አንዱን የፈረምኩ መሆኔን ለማረጋገጥ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ለማረጋገጥ ሦስተኛውን።»

ጋሽ ካምቢዮ ሳቀ። ከውስጥ ሚስቱ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ አዳመጠች፤ ባሏ ስልክ ይዞ ሲስቅ ሰምታ አታውቅም።

ሲጨርሱ ስልኩ ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚል ተጽፏል። ብሎኗን ሊነግራት ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ሊነግራት ነበር። ግን የነገራት ጊዜ ሞተሩ ይሠራል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ሁለቱም ወደ «ጉልበትህ እንዴት ነው» ይመለሳሉ።

«ከቀላሉ ነው የሚጀመረው» አላት። «የፍሪሲዮን ካቦውን እዪ። መያዣውን ስትጨብጪ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ላላ ማለት አለበት፤ ከበዛ ግን አስጠብቂው። እሁድ ትነግሪኛለሽ።»

ውሸት አልነበረም። ማንም ጥሩ መካኒክ ሆድ ከመክፈቱ በፊት ካቦ ያያል፣ ዘይት ያያል፣ ፔዳል ይነቀንቃል። ብቻ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መናገር ይቻላል፤ እሱ በየሳምንቱ እየሸነሸነ ሊሰጣት መሆኑን ልቡ ያውቀዋል።

ያን ቀን ከግድግዳው ያለፈውን ወር የካላንደር ቅጠል ገንጥሎ በጀርባው መንገዷን ሳለ። ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የሽማግሌው በር፣ ሦስቴ የሚያስፈርመው ሰውዬ።

በሁለተኛው እሁድ ስልኩ ገና ሳይጠራ ተላጭቶ ተቀምጧል። ካቦው እውነትም ላልቶ ኖሮ አስጠብቃዋለች፤ ትንሽ ተሽሎታል፣ ፔዳሉ ግን ያው ነው። እንዴት እንደሚያንገራግር ልታሰማው ስልኩን ከሞተሩ አስጠጋች። ከዚያ ምሳዋን የት እንደምትበላ ጠየቃት፤ ሞተሩ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚበርድ ለማወቅ ነው ብሎ። ከሁለተኛው ጤና ጣቢያ ጀርባ አንድ የግራር ጥላ አለ፣ እዚያ ነው አለችው። ብቻዋን ነው የምትበላው። አንዳንዴ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር። ካላንደሩ ላይ ዛፍ ጨመረበት፤ ከዛፉ ሥር ሰው ለመሳል ሞክሮ አላማረለትምና ፋቀው።

«ዘይቱን እዪ» አላት። «ከጠቆረ ቀይሪው። ጥቁር ዘይት ማርሽ ያደርቃል።»

በሦስተኛው እሁድ ዘይቱ ጠቁሮ ኖሮ ተቀይሯል፤ ማርሹ ለስልሷል፣ ፔዳሉ ግን አሁንም አልተመለሰም። «እንግዲህ ፔዳሉን ራሱን ፍቺውና ተጣሞ እንደሆነ እዪው። ጥርሱ ላይ በደንብ ተቀምጦ ይሆን?» አላት። ሠላሳ አንድ ደቂቃ አወሩ። እናትየዋ ሰባት ብቻ ደረሳት።

ስልኩ ሲዘጋ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «አንድ ሞተር ሦስት ሳምንት ይዘህ አይቼህ አላውቅም።»

«ከቀላሉ ነው የሚጀመረው።»

«ከማን ጋር የምታወራ መሰለህ? ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ አይደል?»

ብረት ጠርቅሞ የሚይዝበትን፣ ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን ሞርሳ አጠበቀ፤ መልሶ አላላው። ሞርሳው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷ ናፍቃህ እንደሆነ ይገባኛል። እኔንስ አትናፍቀኝም? ግን ንገራት።»

«እሁድ እነግራታለሁ።»

እሁድ መጣ። ሊነግራት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቃሉን ሳይቀር በአፉ አላምጦታል። ልጁ ግን ገና ከመጀመሯ እየሳቀች ነበር። ሦስቴ የሚያስፈርመው ሰውዬ እሷ የፈረመችበትን እስክሪብቶ ራሱ ጠፍቶበት «ማን እንደወሰደው ፈርሙ» ብሎ ሁሉንም ሠራተኛ አሰልፎ ነበር። እንዲህ ስትስቅ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ታየችው።

«ሰንሰለቱን እስቲ እዪው» አለ። ከዚያም ስልኩን ለሚስቱ ሲመልስ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስልክ ጮኸ። ሐሙስ ደውላ አታውቅም። ሚስቱ ስታነሳ ፊቷ ሲለዋወጥ አየ፤ ተነሥቶ ቆመ።

ብሎኗ ወልቃ ነበር። ልጅቱ ናሙና ጭና ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ ስትወርድ ከፊቷ የጭነት መኪና ቆመ። ማርሽ ልትቀንስ እግሯን ስታሳርፍ ፔዳሉ ምንም ሳይይዝ ወዲያ ወዲህ ተንቀዋለለ። ፍሬን ብትይዝም ሞተሩ በአራተኛ እየገፋ አልቆም ሲላት፣ መሪዋን ጠምዝዛ አዲስ ከሚሠራ ቤት ፊት የተከመረ አሸዋ ውስጥ ገባች። የቀኝ እጇ አንጓ ወለም ብሏል። ሌላ ምንም አልሆነችም፤ ተመስገን። እያለቀሰች ነበር፤ የምታለቅሰው ግን ለእጇ አልነበረም። «ሁለት ብልቃጥ ተሰበረብኝ» ትላለች። «ሁለት ሰዎች እንደገና ሊወጉ ነው። አንደኛዋ ሕፃን ናት።»

ጋሽ ካምቢዮ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሣና የዕቃ ሣጥኑን ከፈተ። አዲስ ሞላ፣ ብሎን፣ ብሎኗን የሚያጣብቅ ሙጫ፣ ዘይት እንዳያፈስ ከሽፋኑ ሥር ለሚገባው ጓርኒሲዮን የሚሆን ወፍራም ወረቀት። ሚስቱ ሸሚዞቹን አጣጥፋ ስትሰጠው አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። በሩ ላይ ብቻ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ስትደርስ መጀመሪያ አፍህን ክፈት፣ ሞተሩን ከዚያ በኋላ ትከፍታለህ።»

በማግሥቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። ልጁ የምትኖረው ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ነው። ካርቶን ተነጥፎለት ሞተሩ ራሱ ክፍሏ ውስጥ፣ ከአልጋዋ ግርጌ ቆሟል፤ ግማሹን ቤት ይዞታል። የራስ ቁሯ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ልጁ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ በሩን ከፈተችለት፤ አቅፎ ሳማት። ከዚያ ምን ይበል? ሞተሩን አየ። የሚስቱን ምክር ጭራሽ ረሳውና መፍቻውን አወጣ።

ዘይቱን አፈሰሰ። የቀኝ ሽፋኑን ፈታ። እሱ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል፣ እሷ ቀኝ እጇን ማንቀሳቀስ ያቅታታል፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ መካኒክ ወጣቸው። ፍሪሲዮኑ ወጣ። ከጀርባው ሞላዋ እንደተሰበረ የወፍ እግር ተንጠልጥላለች። ብሎኗ ከታች፣ ዘይቱ ውስጥ ተኝታለች። ልጁ በግራ እጇ አንሥታ መዳፏ ላይ አየቻት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ይሄን ሁሉ ያደረገችው?»

ጋሽ ካምቢዮ ጨርቁን አስቀመጠ። «እሷ አይደለችም» አለ። «እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ አውቄው ነበር።»

አልገባትም። «ምኑን?»

«ፔዳሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል ስትዪኝ አወቅሁት። ብነግርሽ በማግሥቱ ታሠሪው ነበር።» መፍቻውን ከጨርቁ ጎን አስቀመጠ። «ከዚያ አትደውዪልኝም።»

ብሎኗን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠቻት፤ በጣም በቀስታ።

«አባዬ፣ አንድ ወር ሙሉ ዳገት በወጣሁ ቁጥር እግሬን ከፔዳል ሥር እየሰካሁ ነው የነዳሁት። በጠዋት ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እየወጣሁ። ብሞትስ ኖሮ?»

«እሱን እያሰብኩ ነው የመጣሁት» አለ። «ሰባት ሰዓት ሙሉ።»

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሱ ሞላዋን ቀየረ፣ ብሎኗን በሙጫ አጠበቀ፣ ወረቀቱን በሽፋኑ ልክ ቆረጠ። ሁለት ጊዜ አበላሸና ሦስተኛውን ቆረጠ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሥራ ይህን ያህል ረጅም ሆኖበት አያውቅም። ጨርሶ ሲወጣ ልጁ እዚያው ነበረች። ከጎኗ ለመቀመጥ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማችና ሳትዞር ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ለምን ዝም ብለህ አትደውልልኝም?» አለች።

«ደውዬ ምን ልበልሽ?»

«እኔስ ምን እንደምልህ አውቅ ይመስልሃል? ስልኩ ላንተ ሲሰጥ እኮ እጨነቃለሁ። እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው ቶሎ የምዘጋው።»

ይህን አያውቅም ነበር። አንድ ሰው የሞተርን ሕመም በጆሮው እየለየ ኖሮ፣ ልጁ ለሁለት ዓመት ስትጨነቅ አለመስማቱ ገረመው። ገረመው ብቻ አይደለም፣ አንጀቱን በላው።

በዚያ ቀን ይቅር አላለችውም። ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፤ አልጋዋን ለቅቃለት ፍራሽ ላይ ተኛች፤ ይቅር ያለችው ግን አይመስልም ነበር። እጇ እስኪሽላት ናሙና የሚያደርስላት ሰው ስላልነበረ ቀጣዮቹን ሦስት የሥራ ቀናት እሱ ነዳ፤ እሷ ከኋላው፣ ሣጥኑን በመሀላቸው አድርጋ ተቀመጠች።

እንግዲህ መንገዱን በዓይኑ አየው። ካላንደሩ ላይ የሳለው ሁሉ ስህተት ነበር። ዳቦ ቤቱ በቀኝ ሳይሆን በግራ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ስንዝር የነበረው ዳገት ነፍስ የሚያስወጣ ነው፤ በየቀኑ ሁለቴ ትወጣዋለች። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው «ቀስ ነው ልጄ!» ሲሉ፣ የስድሳ ሦስት ዓመቱ ጋሽ ካምቢዮ ልጅ መባሉን ሰምቶ «እሺ አባቴ» አለ። ከኋላው ልጁ ስትስቅ ሰማት፤ በስልክ ሳይሆን በጀርባው ላይ፣ ሳቋ ከሣጥኑ ጋር አብሮ ሲነቃነቅ።

ሦስቴ የሚያስፈርመው ጸሐፊ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። «እኚህ ማናቸው?»

«ሾፌሬ ነው» አለች። ከዚያ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «አባቴ ነው። መካኒክ ነው። ውሸታም መካኒክ።»

ጸሐፊው መዝገቡን ገፋ አድርጎለት «ይፈርሙ» አለ።

ቀትር ላይ ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ማርሹ ቅቤ ሆኗል፤ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ፔዳሉ በየጊዜው እንደ ታዛዥ ወታደር ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለ ሞተሩ የሚባል ነገር አልቀረም። ጋሽ ካምቢዮ ልጅ ሳለ የገዛ አባቱን እንዴት ይፈራ እንደነበር ነገራት። ለማንም ነግሮ አያውቅም። አጭር ነበር፤ ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። እሷ ዳቦዋን ይዛ ሳትበላ ሰማችው።

ወደ አገሩ በሚመለስበት ዕለት እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችው። በግራ እጇ አንገቱን አቀፈችና፣ «ሁለተኛ እንዳትለምደው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮቱ ፈለጋት፤ ከሰው መሀል ጠፍታበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ማር ሆነ ማለት አይቻልም። እሁድ እሁድ ዛሬም ከእናቷ ጋር አርባ ደቂቃዋን ታወራለች። ለሱ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል። ጋሽ ካምቢዮ ግን የራሱን ስልክ ገዛ። ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ግራሩ ሥር የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቆ ይደውላል። አሁንም አይችልበትም። «ፀሐይ ወጥቷል?» ይላል፤ «ወጥቷል» ትለዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ትንሽ ይቆያሉ፤ በስልኩ ውስጥ ሰው ሲያልፍ፣ በር ሲዘጋ፣ የሆነ ወፍ ሲጮኽ ይሰማዋል። እሱም ይበቃዋል፤ ባይበቃውም።

አንዳንድ ረቡዕ ሥራ ይበዛባትና አታነሳም። ባለፈው ሳምንትም አላነሳችም። ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ከውስጥ አየችውና፣ «ትደውላለች፣ ታያለህ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። ስልኩን ከሱሪ ኪሱ አውጥቶ፣ ሲንቀጠቀጥ ቶሎ እንዲሰማው የሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተውና የጎረቤቱን ማራገቢያ መፍታት ጀመረ።